ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ የማን ነው?

ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ ክትባት ስንጨዋወት ቆይተን ዛሬ ስለ ድንጋይ ካባ ላወራችሁ ነው ስል «ነርስን ከድንጋይ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኛል። በሥራ ዘመኔ ካባ ላይ የዋሉ አባቶች ሳላቸውን ይዘው፣ ጣታቸውን መዶሻ ጨፍልቆት፣ ዓይናቸው ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ ሲመጡ ተቀብያለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ድንጋዩ ወጥቶ በተተወ ጉድጓድ፣ በተጠራቀመ ውኃ ልዋኝ ብሎ የተጎዳ ልጅ ታቅፈው የሚሮጡ እናቶችን አይቻለሁ። ስለዚህ ካባ ለእኔ የጤናም የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ስለሚቀረው ቦታ ነው። ካባ ሲከፈት ሁሉም ይፈልገዋል፤ ባለመኪናው፣ ኮንትራክተሩ፣ ቤት የሚሠራው ሁሉ። ሲደክም ግን ባለቤት የለውም። ወይ ቆሻሻ ይደፋበታል፣ ወይ አፈር ተሞልቶ ቤት ይሠራበታል፣ ወይ ደግሞ እንዲሁ ተከፍቶ ፍየልና ልጅ ይገባበታል። እኔ የምከራከርለት አራተኛ መንገድ አለ፤ የሰፈር መናፈሻ ይሁን፣ ግን ካባ እንደነበረ የማይደብቅ መናፈሻ። በሌላው ዓለም ተሠርቷል፤ ከእኛ ብዙ ሳይርቅም ኬንያ ላይ ተሠርቷል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከራሳችን ከተማ እንነሣ።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣላት አልቻለም፤ ሜዳው ላይ ቆመና ከተማ ተፈጠረ። ፈረንሳዮቹ ቀፊራን ሳይሆን ከዚራን ነበር በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ የቀየሱት፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በራሷ ወግ አደገች። ይህን ታሪክ ሁላችንም ለልጆቻችን እንነግራለን፤ ስለ ለገሃር፣ ስለ ጣቢያው ሕንፃ፣ ስለ ባቡሩ ፉጨት። የጣቢያው ድንጋይ፣ የድልድዩ ድንጋይ፣ ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው ጠጠር ከየት እንደመጣ ግን አንነግራቸውም። ባቡር ከመንዳቱ በፊት ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ነበረ። የነጂውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ የፈላጩ ፎቶግራፍ የለም።

ከዚያ ደግሞ ሲሚንቶው መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ድሬዳዋ ላይ ነው። ለምን እዚህ? ባቡሩ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ከእግራችን ሥር ያለው ድንጋይ ነው። ከተማችንን የከበቡት ኮረብቶች አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ናቸው። የኖራ ድንጋይ ማለት በጥንት ባሕር ውስጥ የዛጎልና የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ተጠራቅሞ፣ ተጭኖ፣ ጠንክሮ የሆነ ነገር ነው። ይህ በረሃ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር ስትሏቸው የልጆቹን ዓይን እዩ። ድንጋዩን ብቻውን በኃይለኛ እሳት ብታቃጥሉት ኖራ ይሆናል፤ ከሸክላ አፈር ጋር ፈጭታችሁ እስከ 1,450 ዲግሪ ብታግሉት የሲሚንቶ መሠረት ይሆናል። የቀባነው ግድግዳ፣ ግንዱ ነጭ የተቀባው የመንገድ ዛፍ፣ የሠራነው ደረጃ ሁሉ ከዚያ ባሕር የመጣ ነው። (በነገራችን ላይ ኖራ ቤት ውስጥ የምታስቀምጡ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አድርጉት። ዓይን ውስጥ ከገባ ፍቅፍቅ ማድረግ የለም፤ ዱቄቱን ጠርጋችሁ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።)

«ካባ ቅርስ ነው» ስል የሚስቁ ሰዎች ገጥመውኛል። ቅርስ ማለት ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ግንብ ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከእኛው ደጃፍ ልጀምር። ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ደቻቱ ከሚወርድበት ሸለቆ በላይ ገደሉ ላይ ያለውን ዋሻ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፈረንሳዮች በጃርት ስም «ፖርክ ኤፒክ» ብለውታል። በሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቄሱ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደን ካዩት ጀምሮ ነው። በ1970ዎቹ በተካሄደ ቁፋሮ ከዚያ ዋሻ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ቀይ አፈር ወጥቷል፤ ከአራት ሺህ በላይ ቁራጭ። ዕድሜው 40,000 ዓመት አካባቢ ነው። ሰዎቹ ቀዩን ድንጋይ ከውጭ ለቅመው እያመጡ፣ በወፍጮ ድንጋይ እየፈጩ፣ ቀለም ያወጡ ነበር። ግማሹ ቀለም ውስጥ የተነከረ ድቡልቡል ጠጠርም ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹ ማኅተም እንደሚመታ ሰው አንድ ነገር ላይ ይጫኑበት ነበር ብለው ይገምታሉ። ምናልባት ገላ፣ ምናልባት ቆዳ። እንግዲህ አስቡት፤ ከድሬዳዋ ምድር ማዕድን አውጥቶ መፍጨት የ40,000 ዓመት ሙያ ነው። የሲሚንቶው ሠራተኛ የዚያ ዋሻ ሰው ወራሽ ነው።

ከድሬ ወጣ ብንልም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ «መልካ ቁንጡሬና ባልጪት» ይባላል። የሁለተኛውን ስም ልብ በሉት። ባልጩት ማለት አያቶቻችን ጸጉር የላጩበት፣ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ የሠሩበት፣ እንደ ጠርሙስ የሚቆርጠው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባልጪት ያ ድንጋይ የሚለቀምበትና የሚፈለጥበት ቦታ ነው፤ ሰው ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ ተመላልሶበታል። ዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው እንግዲህ በከፊል ካባ ነው ማለት ነው! አክሱምም ብትሄዱ ሐውልቶቹ የተፈለጡበት ጎቦድራ አለ፤ ተጀምሮ ሳይወጣ የቀረ ሐውልት እዚያው አለቱ ላይ ተጣብቆ ይታያል፤ አጠገቡ ድንጋይ ላይ የተቀረጸች አንበሳ አለች። ከተማ ውስጥ የቆመውን ሐውልት ያየ «እንዴት አቆሙት» ይላል፤ ጎቦድራን ያየ ደግሞ «እንዴት አወጡት» ብሎ የሽብልቁን ምልክት በጣቱ ይዳስሳል። እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ለልጅ ይበልጥ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ፤ የሰው እጅ ያለበት እዚያ ነውና።

አሁን ወደ ኬንያ እንሂድ፤ ጉዳዩ የበሰለው እዚያ ነው። ከሞምባሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባምቡሪ የሚባል የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ከጥንት የባሕር ኮራል የተፈጠረውን የኖራ ድንጋይ እየቆፈረ ሲሚንቶ ሠራ። ከሃያ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ የቀረው ነጭ፣ ጠፍ፣ እሳት የሚተፋ ጉድጓድ ነበር። የእኛን ሐሩር የምታውቁ ሰዎች ነጭ ድንጋይ በቀትር ምን እንደሚያደርግ አላስረዳችሁም፤ ከላይ ፀሐዩ ከታች ነጸብራቁ ነው። በ1971 ፋብሪካው ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዛዊ የእርሻ ባለሙያ ጉድጓዱን እንዲያለማ ሥራ ሰጠው። አፈር የለም፤ ከሥር የሚገኘው ውኃ ጨዋማ ነው። ሰውየው 26 ዓይነት ዛፎች ተክሎ ሞከረ። የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ።

ከሦስቱ አንዱ እኛም የምናውቀው ሸውሸዌ ነው፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን፣ ነፋስ ሲመታው ስሙን የሚጠራው ዛፍ። ሸውሸዌ ጨው ይችላል፤ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ስለሚመግቡት አፈር በሌለበት ይበቅላል። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ አለ። ቅጠል ካልበሰበሰ አፈር አይሆንም። ሃለር ያገኘው መፍትሔ ሁሌም ያስቀኛል። በሺህ የሚቆጠሩ እግሮች ያሉት የሚመስለውን፣ ስንነካው የሚጠቀለለውን ያን ቀይ እግር ነፍሳት አስለቅሞ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀው። እነሱ ደረቁን ቅጠል በልተው ያወጡት ኩስ ጥቁር አፈር ሆነ። ከዚያ ሌላ ዛፍ፣ ከዚያ ወፍ፣ ከዚያ የዓሣ ኩሬ፣ ከዚያ ቀጭኔና ጉማሬ። በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ዛሬ በሰውየው ስም ሃለር ፓርክ ይባላል።

ለልጅ ልጆቻችሁ የምትተርኩት እውነተኛ ተረትም ከዚያ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የኬንያን ዳርቻ በመታ ጊዜ ከመንጋው የተለየ የጉማሬ ግልገል ማሊንዲ አካባቢ ባሕር ውስጥ ተገኘ። በመረብ ይዘው ወደዚያ የቀድሞ ጉድጓድ አመጡት። እናት ያጣው ግልገል ሮጦ የተለጠፈው ማን ላይ መሰላችሁ? ዕድሜው 130 ዓመት ገደማ የሚገመት ግዙፍ ኤሊ ላይ! ኤሊው «ምዜ» ይባል ነበር፤ በስዋሂሊ «ሽማግሌ» ማለት ነው። መጀመሪያ ተቆጥቶ ሸሸው፤ ኋላ አብረው ይተኙ፣ አብረው ይበሉ ጀመር። የሁለቱ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ የልጆች መጽሐፍም ሆኗል። ወላጅ ያጣ ሕፃን ሽማግሌ ጥላ ሥር ሲያድግ እኛ አገር አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ሲሚንቶ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ መሆኑ ግን ደስ ይላል።

ሃለር ፓርክን ሳወድስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እንስሳው ተጽፏል፣ ዛፉ ተጽፏል፣ ባለሙያው በስሙ ተጠርቷል። ድንጋዩን የቆፈሩት የባሕር ዳርቻው ሰዎችስ? የእነሱ ታሪክ የቀጭኔውን ያህል ሲነገር አልሰማሁም። ድሬዳዋ ላይ አንድ ቀን ይህ ነገር ቢሠራ ቅርሱ እንዳያመልጠን የምፈራው እዚህ ላይ ነው።

ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ በተባለች ከተማ አጠገብ ያለው የቡቻርት የአትክልት ቦታም ታሪኩ ከሲሚንቶ ይጀምራል። የፋብሪካው ባለቤት ሚስት ጄኒ ቡቻርት የኖራ ድንጋዩ ያለቀበትን ጉድጓድ አፈር በጋሪ እያስመጣች በአበባ ሞላችው። እ.ኤ.አ. በ2004 የካናዳ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሏል። እኔን የገረመኝ አበባው አይደለም፤ የድሮው ፋብሪካ ረጅም የጭስ ማውጫ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሎ መቆሙ ነው። ፓሪሶችም በ1867 የከፈቱት ቡት ሾሞን የሚባለው ትልቅ መናፈሻቸው ጀሶ የወጣበት፣ ኋላም ቆሻሻ የተደፋበት ኮረብታ ነበር። ገደሉን አልደለደሉትም፤ እንደተቆረጠ ትተው ሐይቅና ድልድይ ጨመሩበት።

እኛ አገር መናፈሻ ሲባል አሁን አሁን አንድ ዓይነት ነገር እየሆነ መጥቷል። አጥር፣ በር፣ የመግቢያ ትኬት፣ ፏፏቴ፣ የቀለም መብራት፣ የሙሽራ ፎቶግራፍ። አልጠላሁትም፤ ሙሽራም ፎቶግራፍ ይነሣ። ነገር ግን ድሬዳዋም ያው፣ ሌላ ከተማም ያው ከሆነ ልጁ እዚህ በመወለዱ ምን አገኘ? በተደከመ ካባ ላይ የሚሠራ መናፈሻ ቅርስ የሚሆነው የተቆረጠው ግድግዳ እንደተቆረጠ ሲታይ ነው፤ የዲጂኖው ጠባሳ፣ የድማሚት ቀዳዳው፣ ድንጋዩ በንብርብር የተኛበት መሥመር። አንድ ባሬላ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ ያረጀ የድንጋይ መፍጫ ማሽን ዝገቱ እንዳለ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠሩት ሰዎች ስም በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ይጻፍ፤ እነሱ በዚያ ሁሉ ቋንቋ ተጠራርተው ነው የሠሩትና። የሠራተኛው አያት ትኬት መግዣ አጥቶ በር ላይ የሚመለስበት ቦታ ከሆነ ግን ስሙን መለወጥ ይሻላል።

እስኪ ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጉድጓድ ውኃ ይይዛል፤ ውኃ ደግሞ እዚህ ከተማ ትንኝ ማለት ነው። የደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች አስተኛ፤ መገጣጠሚያው ቆልፎት በዱላ የሄደ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ2014 ዓ.ም. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሲጠና ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እጇ እንዳለበት ታወቀ። ይህች ትንኝ እንደ ድሮዋ ገጠር ብቻ አትኖርም፤ በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተቋጠረ ውኃ ትራባለች፤ ደረቅ ወቅትም አያግዳትም። የተተወ ካባ ለእነዚህ ሁሉ የተሰናዳ ቤት ነው። ጎማው፣ ላስቲኩ፣ ጣሳው ተጥሎ ዝናብ ሲያጠራቅም ደግሞ የደንጊዋ ትንኝ አትጠፋም። ስለዚህ መናፈሻ ይሁን ስል ለውበት ብቻ አይደለም። ውኃው መውረጃ ይበጅለታል፤ የሚቀረው ኩሬ ዓሣ ይገባበታል፤ ሞምባሳዎች ኩሬያቸውን በቆሮሶ ሞልተው የሚበላ ዓሣ አርብተውበታል፤ ቆሮሶ ደግሞ የትንኝ እጭ ሲያገኝ አይምርም። ጠባቂ የሌለው «ሐይቅ» ግን አልመክርም። ፏፏቴ ለምረቃ ቀን ይሠራና ፓምፑ ሲበላሽ የትንኝ ማሳደጊያ ይሆናል።

ጎርፉም አለ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደበትን ጊዜ የረሳ ቤተሰብ እዚህ ከተማ የለም። ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነበር፤ እኛ ተኝተን ነው የደረሰብን። ከከተማው በላይ ያለ ማንኛውም ቁልቁለት ሲራቆት ውኃውን የሚያዘገይ አይኖረውም። ካባ ደግሞ ሥራው ራሱ መራቆት ነው። እዚያ የሚተከል ዛፍ ጥላ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓይነት ሌሊት ውኃውን ትንሽ ያዝ የሚያደርግ ነገር ነው።

የሚተከለው ዛፍ ምን ይሁን ለሚለኝ፣ እኔ የእርሻ ሰው አይደለሁም፤ ግን ዓይን አለኝ። ኒም በድሬ ሙቀት ጥላ ሲሰጥ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ። ቁርቁራ አለ፤ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፣ ፍየልም ትወደዋለች። ግራር የአገሩ ነው። የምለምናችሁ ግን «ቶሎ ይበቅላል» ብላችሁ ፕሮሶፒስ እንዳታስገቡ ነው። በረሃ ያለመልማል ተብሎ መጥቶ አፋር ላይ የግጦሹን መሬት እንደዋጠው፣ እሾሁ የከብቱን እግር እንደሚወጋ አርብቶ አደሩን ጠይቁት። ሃለር እንኳ ሸውሸዌን ያመነው 26 ሞክሮ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለምትሉ በአጭሩ፦ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ የቆፈረውን አካባቢ መልሶ እንዲያገግም ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ማዕድን ሲቆፍር ወይም ቤት ሲሠራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። በእኛ አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዋሻና የድንጋይ ላይ ሥዕል ያለበት አገር ነው፤ ለጋ ኦዳ የከብቶቹ ሥዕል ያለበት ገደል ሩቅ አይደለም። ቀይ አፈር የተፈጨበት ድንጋይ ለጠጠር ተብሎ ወፍጮ ውስጥ ቢገባ ማን ያውቃል? በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ካባ ሲነሣ እነዚህን ሁለት አዋጆች በቁጥራቸው ጠርታችሁ ጠይቁ። ቁጥር ሲጠራ ሰብሳቢው ቀና ብሎ ያያል፤ ሞክሬዋለሁ።

መናፈሻው ቢዘገይም ዛሬ ልንሠራው የምንችለው ነገር ግን አለ፤ እሱም የሚያሳስበኝ ነው። ድንጋይ የፈለጡት፣ ምድጃው አጠገብ የቆሙት፣ ጠጠር በጀርባቸው ያወጡት ሰዎች አርጅተዋል። የአቧራው ነገር ቀላል አይደለም፤ የድንጋይ አቧራ በተለይ ሲሊካ ያለበት ሳንባን ያደነድናል፣ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል፤ ሁለቱ ሳላቸው ስለሚመሳሰል ደግሞ ይምታታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ አባት ቤታችሁ ካለና ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ «የሽምግልና ነው» አትበሉ፤ ይመርመር፤ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ የሠራው ሥራ ምን እንደነበር ቀድማችሁ ንገሩት። እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ካባው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ግድግዳውን ብንጠብቀው እንኳ ግድግዳው አይናገርም።

ስለዚህ የልጅ ልጆቻችሁን ስልክ አንድ ጊዜ ለቁም ነገር አውሉት። አባባን ከሰዓት በኋላ ነፋሻው ሲመጣ ሻይ አቅርቡላቸውና ልጁ ይጠይቅ፤ ስልኩ ይቅዳ። ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ስንት ነበር? የቀን ክፍያው ስንት ነበር? ድማሚት ሊነሣ ሲል በምን ያስጠነቅቋቸው ነበር? ጥሩውን ድንጋይ ከመጥፎው በምን ይለዩታል፤ በድምፁ ነው በቀለሙ? ምሳ ማን ያመጣ ነበር? ሴቶቹስ ምን ይሠሩ ነበር? (ጠጠር በእጅ የፈጩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ «እኔ ምን ሠራሁ» ይላሉና ደግማችሁ ጠይቋቸው።) ማን ተጎዳ? ያወጡት ድንጋይ የትኛው ሕንፃ ላይ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ካገኛችሁ ልጁን ወስዳችሁ ግድግዳውን አሳዩት። አያቱ የፈለጡትን ድንጋይ በእጁ የነካ ልጅ ያን ግድግዳ ሲያልፍ ሽንቱን አይሸናበትም፤ ይህ ደግሞ ለከዚራ መንገዶች ትልቅ ትርፍ ነው።

ካባ ልታሳዩአቸው ከፈለጋችሁ የሚሠራበት ካባ አይሁን። የቆመውም ቢሆን በዳር አይጠጉ፣ ከገደሉ ሥርም አይቁሙ፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ ማግስት ድንጋዩ ይለቃል። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በጫማ እንጂ በነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ለአንድ ልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣ። የተጠራቀመ ውኃ ካያችሁ፣ ጥልቀቱ በዓይን አይታወቅም፤ ልጁ ዋና ቢችልም አይግባ። ጊንጥ ከድንጋይ ሥር ስለሚገኝ ድንጋይ በእጅ አይገለብጡ፤ በእንጨት ይሁን። የዛጎል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ካገኙ ፎቶግራፍ አንሥተው እዚያው ይተዉት።

የአባቶችን ወሬ ቀድታችሁ ከሆነ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልኝ፤ ስም እንዲጠራ የማይፈልግ ሰው ስሙ አይጠራም። የሚበቃ ከመጣ በዚህ ገጽ ላይ በተከታታይ እናወጣዋለን። ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በብዙ እናቶች የተጠየቅሁትን፣ በሙቀት ወቅት ሕፃናት ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ሮቷችሁን ክደኑ።